ዝናቡ ሲያባራ የሚድን መስመር

ጌዴኦ ዝናብ የማይነፈገው አገር ነው። በልግ ሲገባ ከመጋቢት ጀምሮ ያወርደዋል፤ ጋብ ብሎ ይቆይና በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ይመለሳል። ቡናው፣ እንሰቱና የጥላ ዛፉ አንዱ በሌላው ሥር ተጠልለው የሚኖሩት በዚህ ውኃ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲያሰፍርም ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ያየው ይህንኑ ጥምር እርሻ ነው። ለስልክ ገመድ ግን ይኸው በረከት መዘዝ አለው። ዲላም ይሁን ይርጋጨፌ፣ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መደበኛ ስልክ ያለው ቤት ዝናብ ባደረበት ጠዋት ቀፎውን ሲያነሳ መስመሩ እንደሚቆላ ቡና ሊንጣጣበት ይችላል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ድምፁ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን ጠጋኝ ሲደርስ መስመሩ ጥርት ብሎ ይጠብቀዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የሚደብቀው ራሱ መስመሩ ነው፣ የሚደብቀውም ሐኪሙ በመጣ ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ዘሩ ከሌላው ብልሽት የተለየ ነው፤ በአንድ ቀን ጉብኝት አይያዝም። የሚይዘው የመጣበትን ሰዓትና የሰማዩን ሁኔታ የጻፈ ሰው ነው፤ ጥገናውም አለቀ መባል ያለበት ቀጣዩ ዝናብ ዘንቦ መስመሩ ዝም ካለ በኋላ ነው። የጥገና ሥራ በፍጥነት ብቻ በሚለካበት ቦታ ሁሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ጠጋኙ በቆመበት ሰዓት መስመሩ ደህና ከሆነ ቅሬታው ይዘጋል፣ ቁጥሩም ያምራል፣ ደንበኛውም ከሚቀጥለው ዶፍ በኋላ እንደ አዲስ ይደውላል።

ነገሩን አፍረጥርጦ ያሳየው የዲያልአፕ ዘመን ነበር። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲሆን፣ ለዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተቋቋመው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1996 ነው፤ እኩዮች ናቸው ቢባል አይጋነንም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከዓለም ጋር የሚገናኘው ሰው በሚያወራበት በዚያው ሽቦ ነበር። ሞደሙ ይደውላል፣ ማዶ ያለው ሞደም ያነሳል፣ ሁለቱ እየተንጫጩ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ መልእክቱን በድምፅ ይቀባበላሉ። የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ደግሞ በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ለንግግር ይበቃል፣ ለሞደም ግን ጠባብ በር ነው። በዚህ በር በኩል የመጨረሻው የሞደም ትውልድ በሴኮንድ 56 ሺህ ቢት እንዲቀበል ታስቦ ተሠራ፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ጣሪያው 33,600 ነበር።

የመስመር ጫጫታ ሰውን ያናድደዋል እንጂ ከወሬው አያግደውም። ጆሮ ቃሉን ከግርግሩ ለይቶ ያወጣል፣ ያመለጠውንም ከአነጋገሩ አካሄድ ይገምታል። ሞደም ይህ ጸጋ የለውም። አንዲት ፍንጣሪ የተላከውን ጥቅል ስታበላሽበት እንደገና ያስልካል፤ ፍንጣሪዎቹ ሲደጋገሙ ሁለቱ ሞደሞች ሥራውን አቁመው እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ፤ ያም ካላዋጣ በ2,400 በ2,400 ቢት እየቀነሱ ይወርዳሉ። አንድ ሜጋባይት የሚመዝን ሰነድ በ33,600 ፍጥነት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሞደሙ ወደ 9,600 ከወረደ 14 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ክፍያው የሚቆጠረው በቆይታ ስለነበር ዝናብ የነካው ሽቦ ከኪስም ያወጣ ነበር። በስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን አንድ ቃል ነው፦ «ተገናኝቷል»። ሞደሙ በውስጡ በስንት ፍጥነት እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደተንሸራተተ፣ ስንት ጥቅል እንደተበላሸበት ይቆጥር ነበር፤ ብዙዎቹ ሞደሞች ጥሪው ካበቃ በኋላ በአንዲት አጭር ትእዛዝ ይህን ሒሳብ ይዘረግፉታል። በየጠረጴዛው ላይ እንዲህ ያለ ምስክር ተቀምጦ ሳለ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ሽቦው ከስልክ ጣቢያው እስከ ቤት አንድ ወጥ ሆኖ አይመጣም። ከጣቢያው በወፍራም ገመድ ይወጣል፣ በመንገድ ዳር ካቢኔት ይከፋፈላል፣ ምሰሶ ላይ ካለው ሳጥን ይገባል፣ ከዚያ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከግድግዳው ይደርሳል። በየእርከኑ ሽቦ ከሽቦ የተያያዘበት መጋጠሚያ አለ፤ የመስመር ዕድሜ የሚያጥረውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ መጋጠሚያዎች ነው። ውኃ ሲደርስበት መዳቡ ይዝጋል፣ ዝገቱ ኤሌክትሪኩን አላሳልፍ ይላል፣ ነፋስ ሲነቀንቀው ወይም ሙቀት ሲለዋወጥ መጋጠሚያው ነካ ለቀቅ ያደርጋል፤ የሚንጣጣው ያ ነው። የስልክ መሐንዲሶች ይህን ጠላት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጣቢያው ለመስመሩ የሚሰጠው 48 ቮልት በአሉታዊ በኩል እንዲሄድ፣ አዎንታዊው ጫፍ ደግሞ ከመሬት ጋር እንዲታሰር የተደረገበት ዋናው ምክንያት እርጥበት የነካው ሽቦ ቶሎ እንዳይበላ ነው። መፍትሔው ጊዜ ይገዛል እንጂ ውኃውን አያስቀርም።

ሁሉም ጫጫታ አንድ አይደለም። ወጥ የሆነ፣ ዝቅ ያለ እምታ ከሆነ ከመብራት መስመር የሚጋባ ነው፤ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ወደ መሬት እያፈሰሰ ሚዛናቸው ሲዛባ ይሰማል። የማያውቁት ሰው ንግግር ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ በአንድ ገመድ ውስጥ ያሉ ጎረቤታም ሽቦዎች ውኃ አገናኝቷቸው ይሆናል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ስልኩ ከጠራ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚጠፋው መንጣጣት ነው። ጥሪ ሲመጣ ጣቢያው ወደ መስመሩ ከ48ቱ ቮልት በእጅጉ የሚበልጥ፣ 75 ቮልትና ከዚያም በላይ የሚደርስ የጥሪ ኃይል ይልካል፤ ይህ ኃይል በመጋጠሚያው ላይ ያለውን ስስ የዝገት ሽፋን በስቶ ያልፍና መስመሩ ለጊዜው ይጠራል። ጠጋኙ ቤቱን ከማንኳኳቱ በፊት «አሁንስ እንዴት ነው?» ብሎ ቢደውል የራሱ ጥሪ መስመሩን ያድነዋል ማለት ነው። ደንበኛው «አሁን ደህና ነው» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው። ጠጋኙም ያንን ይመዘግባል፤ እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱም ሳይዋሹ አንድ የውሸት መዝገብ ይወለዳል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል። የእንግሊዝ የስልክ ሠራተኞች ለእንዲህ ያለው ቅሬታ «ሲፈተሽ ደህና» የሚል ምድብ አላቸው፤ በአውሮፕላን ጥገናም «ብልሽት አልተገኘም» የሚባል የታወቀ ራስ ምታት አለ፦ ፓይለቱ ያማረረበት ዕቃ ይፈታል፣ በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ ደህና ይሆናል፣ ተመልሶ ይገጠማል፣ በሰማይ ላይ እንደገና ይከዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕቃው የከዳው በብርድ፣ በንዝረትና በእርጥበት ውስጥ ሆኖ ሳለ የተፈተነው በሞቀ ክፍል ነው። የዲላ ስልክም እንዲሁ ነው፤ በዶፍ ታሞ በፀሐይ ይመረመራል።

እንግዲህ ሰዓቱንና ሰማዩን የሚይዘው የደንበኛው መዝገብ ምን ይመስላል? ደብተር በስልኩ አጠገብ መስቀል ይበቃል። ቀፎውን አንስቶ አንድ ቁጥር መጫን፤ ያኔ የመደወያው ድምፅ ይቋረጥና ባዶው መስመር ለጥቂት ሴኮንድ ይሰማል፤ የተሰማውን፣ ሰዓቱንና ሰማዩን መጻፍ። ይህ በጠዋትና በማታ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሲደረግ ገጹ ራሱ መናገር ይጀምራል። ዝናቡ በጀመረ በግማሽ ሰዓት የሚመጣና ፀሐይ እንደወጣ የሚጠፋ ከሆነ ውኃ በቀጥታ የሚያገኘው መጋጠሚያ አለ፣ ምናልባትም ምሰሶው ላይ ወይም ቤቱ ግድግዳ ላይ። ዝናቡ ካባራ ከቀን በኋላ ጀምሮ ሳምንት የሚሰነብት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መሬት ሥሩ ገመድ ይዞራል፤ አፈሩ የጠጣውን ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚያቀብለው። ዝናብ ሳይኖር ነፋስ ሲነሳ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ የተንጠለጠለው ሽቦ ይታይ፤ ዛፍ በበዛበት በጌዴኦ ቅርንጫፍ እየፈተገ የሽቦውን ልብስ ሊገፈው ይችላል። በየዕለቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ አምፖል ሲበራ የሚመጣ እምታ ደግሞ ከዝናብ ጋር ጉዳይ የለውም። ጠጋኙ ምሰሶ ለምሰሶ ከመዞር ይልቅ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚነግረው ይህ ገጽ ነው።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ማቋረጥ አለበት። ሰው ለሁሉም ነገር ዝናቡን ይወቅሳል፤ ዝናብ በበዛበት አገር ደግሞ ማንኛውም ብልሽት ከአንድ ዝናብ አጠገብ መውደቁ አይቀርም፤ ስለዚህ የደንበኛ ማስታወሻ ምን ያህል ይታመናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የደብተሩ ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው። የሚታመን መዝገብ ጫጫታ የነበረበትን ቀን ብቻ አይጽፍም፤ ዘንቦ መስመሩ ጸጥ ያለበትንም፣ ሳይዘንብ የተንጣጣበትንም ይጽፋል። አስር ጊዜ ዘንቦ ዘጠኝ ጊዜ የተንጣጣ መስመርና አስር ጊዜ ዘንቦ ሦስት ጊዜ ብቻ የተንጣጣ መስመር የተለያየ ታሪክ አላቸው። ያለ ደብተር ግን ሁለቱም ባለቤቶች «በዘነበ ቁጥር» ነው የሚሉት።

ጠጋኞች የሚያነሱት ሌላ መከራከሪያ አለ፦ ብልሽቱ የእኛ አይደለም፣ የቤታችሁ ውስጥ ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ግድግዳ ሲሠራ የተቀበረ ገመድ፣ በጥፍር ተልጦ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ መሰኪያ፣ ርካሽ የባትሪ መሙያ የሚያፈልቀው ረብሻ በየቤቱ አለ። ነገር ግን ይህ ክርክር በጉልበት የሚያልቅ ሳይሆን በአንድ ሙከራ የሚያልቅ ነው። በቤቱ ያለውን ስልክ፣ ፋክስና ሞደም ሁሉ ነቅሎ፣ ደህንነቱ የታወቀ አንድ ስልክ መስመሩ ከውጭ በሚገባበት ቦታ ላይ መሰካት፤ ጫጫታው እዚያም ካለ ጥፋቱ ከውጭ ነው፣ ከሌለ ከውስጥ ነው። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ሲሆን ደግሞ ይህም ሙከራ ጫጫታው ባለበት ሰዓት መደረግ አለበት፤ በጸጥታ ሰዓት የተደረገ ሙከራ ለማንም አይፈርድም። ስለዚህ ሙከራውን መሥራት የሚችለው እዚያ የሚያድረው ሰው ነው፤ ጠጋኝ ከዝናቡ ጋር ቀጠሮ የለውም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ዲያልአፕ ሞቷል፣ መዳቡም በፋይበር እየተተካ ነው፣ ሰውም ኢንተርኔት የሚያገኘው በእጁ ስልክ ነው፤ በሬሳ ላይ ምርመራ ምን ያደርጋል? ስለ መዳብ የተባለው ልክ ነው፤ የድሮውን ገመድ እንደገና ዘርጉ ብሎ መከራከር ሞኝነት ይሆናል። ግን ችግሩ ከመዳቡ ጋር አልተቀበረም። ከዲያልአፕ በኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል በዚያው ሽቦ ላይ ሄዶ፣ ድምፅ ከሚሄድበት እጅግ ከፍ ያለውን ክልል ስለሚጠቀም ለዚያው ዝገት ይበልጥ ስሱ ሆነ። ፋይበር በውኃ አይዝግም፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ የታጠፈ ገመድ ብርሃን ያፈስሳል፣ መሰኪያው ላይ ያረፈ አቧራ መንገድ ይዘጋል፣ ይህም በሙቀትና በንቅናቄ ይመጣል ይሄዳል። የሞባይል ማማውም ከዋናው መረብ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ከሆነ፣ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ባለው ሞገድ ላይ ዶፍ ዝናብ ራሱ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲዳከም ደግሞ ማማው ዝም ይላል። ይህን ሁሉ የተለያየ ሕመም በአንድ ስም እንጠራዋለን፦ «ኔትወርክ የለም»። ባንክ ቤት ሲሆን ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ሕዝቡም ወንበሩ ላይ ይመቻቻል። ቋንቋችን ለዝናብ ዓይነት ካፊያ፣ ዶፍ፣ ወጨፎ እያለ ስም ሲደረድር ለኔትወርክ ሕመም አንድ ሐረግ ብቻ መያዙ ያሳዝናል፤ ስም የሌለው ሕመም መዝገብም የለውምና።

ለጌዴኦ ደግሞ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቀይ የቡና ፍሬ ተለቅሞ አያድርም፤ ሊታጠብ ከሆነ በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት። ለቀማው የሚጀምርበት ወራት የመኸሩ ዝናብ ጅራት ገና ያልተቋረጠበት ነው። በኮቸሬና በገደብ አመሻሹ ላይ ፍሬ ይዞ የሚመጣ ገበሬ፣ ዋጋ የሚጠይቅ ሰብሳቢና ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፍ ነጋዴ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ፤ ግንኙነቱ ያችን ሰዓት ብቻ ቢከዳቸው ለወሩ አማካይ ቁጥር ምንም አይደለም፣ ለእነርሱ ግን የቀኑ ገበያ ነው። በወር 99 በመቶ ሠርቷል የሚባል መረብ የቀረው አንድ በመቶ ከ7 ሰዓት በላይ ነው፤ እነዚያ ሰዓታት በየሌሊቱ ቢበተኑ ማንም አያስተውላቸውም፣ ሁሉም በዝናባማ አመሻሾች ላይ ቢከመሩ ግን ንግድ ያቆማሉ። መቼ እንደወደቁ ያልጻፈ ቁጥር ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም።

ወጪውስ? ከዲላ ተነስቶ ወደ ቡሌ ደጋ ወይም ወደ ገደብ የሚወጣ ጠጋኝ ቀኑን ይሠዋል፤ ለአንድ ደንበኛ ዝናብ እስኪመጣ ጠብቅ ማለት ለሌሎች አሥር ደንበኞች አትድረስ ማለት ይመስላል። በተጨማሪም መብረቅ በሚወርድበት ሰዓት ምሰሶ ላይ መውጣት የለበትም፤ ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ቢኖር ራሱ ይውጣ። መልሱ ግን ጠጋኙን ወደ ዝናቡ መላክ አይደለም። መስመር ከጣቢያው ሆኖ ሊለካ ይችላል፤ ሽቦው ወደ መሬት ምን ያህል እንደሚያፈስስ የሚለካ መሣሪያ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሥራውን ይሠራል፤ ዋናው ጥያቄ ልኬቱ በየትኛው ሰዓት ይወሰድ የሚለው ነው። ዝናብ ባደረበት ንጋት የተወሰደ አንድ ልኬት በፀሐያማ ቀን ከሚደረግ ሦስት ጉዞ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ጠጋኙ በደረቅ ቀን ይሂድ፤ ያኔ የሚሄደው ድምፅ ፍለጋ ሳይሆን የታወቀ መጋጠሚያ ለመክፈት ነው። ነዳጅና የሰው ቀን የሚጨርሰው ሥራ ይልቁንም አሁን ያለው ምልልስ ነው፤ በመጋቢት «ደህና ነው» ተብሎ የተዘጋው መስመር በሚያዝያ ተመልሶ ሲመጣ በመዝገቡ ላይ አዲስ ቅሬታ ስለሚመስል የምልልሱ ዋጋ አይታይም እንጂ።

እዚህ ላይ ሥልጣን ያለው አካል አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን መከታተል ከተሰጡት ተግባራት አንዱ ነው። ቅሬታ በስንት ሰዓት ተዘጋ የሚለው ቁጥር መልካም ነው፤ ከጎኑ ግን ያው መስመር ወይም ያው ማማ ለተመሳሳይ ሕመም ስንት ጊዜ ተመለሰ የሚል ሌላ ቁጥር ይፈለጋል። ይህም ቁጥር በ30 ቀን ገደብ ብቻ ቢሰላ ለጌዴኦ አይሠራም። በታኅሣሥ የተዘጋ ቅሬታ በጥር ባይመለስ ምንም አያረጋግጥም፤ ወራቱ ደረቅ ናቸው። እንዲህ ያለው ቅሬታ እስከ በልግ ድረስ ክፍት ይሰንብት፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዶፎች በኋላ ደንበኛው ይጠየቅ። ቅሬታውን በ994 የጥሪ መስመር የሚቀበለው ሠራተኛ ስምና ቁጥር ከጠየቀ በኋላ «ሲንጣጣ ዝናብ ነበር?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጨምርና መልሱን ለጠጋኙ ቢያሳልፍ ደግሞ ወጪው የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ነው።

ደብተሩ የሚጀመረው ግን ከደንበኛው ወገን ነው፤ ዝርዝር መብዛት የለበትም፣ ለጠጋኙ የሚሰጠውም ቃል እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፦ ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሌሊቱን ዘንቧል፣ ይንጣጣል፤ ማክሰኞ ቀን 8 ሰዓት፣ ፀሐይ፣ ጸጥ፤ ረቡዕ ጠዋት፣ አልዘነበም፣ ጸጥ፤ ሐሙስ ማታ 11 ሰዓት፣ ዶፍ፣ ከመግቢያው ላይ በአንድ ስልክ ሲሞከርም ይንጣጣል።